የቀበሮ ወዳጅ

ቀበሮን ከልቡ የሚወድ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አንድ አውቃለሁ። አያ ደስታው ይባላሉ፤ ከላሊበላ በላይ ባለው ደጋችን የዱር እንስሳት ጥበቃ ኮሚቴ ሊቀመንበር ናቸው። ስለ ቀይ ቀበሮ ሲናገሩ የጓሳው ሣር ሳይቀር ቆሞ የሚያዳምጣቸው ይመስላል። «አደራችን ነው» ሲሉ እናጨበጭባለን፤ ሌላ ምን ሥራ አለን?

አምና የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት የሚሰጡ ባለሙያዎች መጡ። በሽታው ከውሻ ወደ ቀበሮ ስለሚሻገር አንድም ውሻ እንዳይቀር ብለው ያወጁት ራሳቸው አያ ደስታው ነበሩ። በክትባቱ ዕለት ጠዋት ግን የገዛ ውሻቸውን እየጎተቱ እኔ ቤት መጡ።

«የተወጋ ውሻ ይፈዛል አሉ። በጎቼን ማን ይጠብቅልኛል? ሰዎቹ እስኪሄዱ ጓዳህ እሰርልኝ» አሉኝ።

የክርስትና አባቴ ናቸው፤ ምን ልበል? አሰርሁት። እንዳይጮህም በፋሲካ ለራሴ ያልቆረስሁትን ያህል እንጀራ ቆረስሁለት።

ክረምቱ ሳይወጣ ያ ውሻ አብዶ ቀበሮዎቹ ወደሚኖሩበት ጓሳ ገባ። ከዚያ ሦስት ቀበሮዎች ሞተው ተገኙ።

አያ ደስታው ስብሰባ ጠርተው የህሊና ጸሎት አስደረጉን። አለቀሱም፤ እንባቸው የእውነት ነበር። «ይህን ምን አመጣብን?» ሲሉም ጠየቁ።

የኮሚቴው ጸሐፊ እኔ ነኝ። በቃለ ጉባኤው ላይ «ምክንያቱ አልታወቀም» ብዬ ጻፍሁ። አያ ደስታው ሲፈርሙበት ፊርማቸው ከመስመር ወጣ። የእኔ ጽሕፈት ግን፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ አንድም ቦታ አልተጣመመም።