ቀኝ እጄን ታጥቤያለሁ

የሶዶ ወንድ ለቁርጥ እንጂ ለሚስቱ አይታጠብም! አትቆጡ... ሥጋ ቤት ሲገባ ቀኝ እጁን በሳሙና አሽቶ አሽቶ የሚቀመጠው ሰውዬ፣ አልጋ ላይ ሲወጣ ገበያውን ይዞ ነው የሚወጣው። እናንተን አላልኩም፤ ጎረቤታችሁን ነው።

እኔ የበርበሬ ነጋዴ ነኝ። ተበላ ከተማ በገበያ ቀን ዛላ ስሰብር፣ ስመርጥ፣ ስዝቅ እውላለሁ፤ ስመለስ ሚኒባሱ ሙሉ እያስነጠሰ ሶዶ ይገባል።

ባለቤቴን አስቴርን ሽንቷ ሲያቃጥላት ከረመ። እኔም ጥፋተኛ አላጣሁም፦ ብርዱ፣ የሰፈሩ ሽንት ቤት፣ ውሃ አለመጠጣቷ... መድኃኒትም አላጣሁ፤ ሽታው በር ላይ የሚቀበል የሽቶ ሳሙና ገዛሁላት። ባሰባት!

«ስማኝ ሰውዬ፣» አለችኝ፣ «ወይ አብረን ጤና ጣቢያ እንሄዳለን፣ ወይ እኔ ጉኑኖ እናቴ ጋ እገባለሁ። እዚያ በርበሬው ያለው ወጥ ውስጥ ብቻ ነው።»

ሄድን። ሲስተሯ ሽንቷን አስመርምራ «ኢንፌክሽን ነው» አለችና ወደ እኔ ዞረች።

«እስቲ እጅዎን ያሳዩኝ።»

ዘረጋሁ። ጥፍሬ ሥር የአንድ ቤተሰብ ወጥ የሚያቀላ በርበሬ!

«ሳይታጠቡ ነው የሚተኙት?»

«ኧረ ሲስተር! ለራት ታጥቤያለሁ እኮ።»

«ሁለቱንም እጅ?»

«ቀኙን።»

«ግራውስ ማታ ሥራ የለውም?»

አስቴር ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከተተች።

«ከመገናኘታችሁ በፊት ሁለታችሁም እጃችሁን በሳሙና፣ ገላችሁን ከውጭ በውሃ ታጠቡ። ጥፍርዎን ይቁረጡ። የሽቶ ሳሙና እዚያ አይድረስ፤ ውስጥም አይታጠብም። ስትጨርሱ እሷ ሽንቷን ትሽና። መድኃኒቱን እስክትጨርስ መገናኘት የለም። ጥርጣሬ ካለ ደግሞ ኮንዶም፣ ምርመራም ለሁለታችሁ።»

«ኮንዶም? እኛ እኮ ባለትዳር ነን!»

«ጀርም የጋብቻ ወረቀት አያይም።»

አስቴር መድኃኒቷን ጨረሰች፤ ጉኑኖም ቀረ። እኔ ግን በር ላይ ሁለት እጄን ዘርግቼ በባትሪ እፈተሻለሁ። ጉምሩክ እንኳ እንዲህ አያንገላታም!

ስለዚህ እዚሁ ሶዶ፣ ገበያው ሲበተን በርበሬ ተራ ካለው ቧንቧ ሥር ጥፍሬን በብሩሽ መፈግፈግ ጀመርኩ። «ምነው፣ ሽማግሌ ልትልክ ነው?» እያሉ ተሳለቁብኝ። ምክንያቱን ስነግራቸው... ቧንቧው ሰልፍ ሆነ! አሁን በሳሙና የታጠበ ሁሉ ማታ ምን እንዳሰበ ተራው በሙሉ ያውቃል። ያልታጠበውንማ «ተጣላችሁ እንዴ?» ይሉታል።

ትናንት ግን ሚስቱ እህቷን ልታስታምም ዱቦ የሄደችበት ወዳጃችን፣ እስከ ክርኑ ተፈግፍጎ፣ ወደ ቤቱ ሳይሆን ወደ መናኸሪያው መጠጥ ቤቶች ጠምዘዝ አለ። ወንድሜ... ለዚያስ ሳሙና ብቻ አይበቃህም!