ክፍሌ ሳር ሲያጠጣ

አልጋነሽ፦ እኔ የምልህ፣ ጣሳው ውስጥ የገባውን ውሃ ሳሩ በምን ይጠጣዋል? በማንኪያ?

ክፍሌ፦ አክስቴ፣ ስንቴ ልንገርዎት! ጣሳው ለመለኪያ ነው!

[ነገሩ የሆነው ሞያሌ፣ በኬንያው በኩል፣ ማንያታ ሰፈር፣ ክፍሌ ሆቴል ግቢ ውስጥ ነው። ክፍሌ በአንድ እጁ ስልክ፣ በሌላው ካቻቪቴ ይዞ፣ በቢጫ ሳር መሐል ባዶ የቲማቲም ጣሳ በመስመር ይደረድራል። አሮጊቷ አክስቱ አልጋነሽ ግድግዳው ጥግ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። አጠገቧ ሥሩ የተቀደደ አሮጌ ጀሪካኗ ጠብ፣ ጠብ ይላል። በዚህ ግቢ ከስልኩ ባለቤት በቀር ሁሉም ሰው ምንም አይገባውም ይባላል፤ ከሁሉም ደግሞ እሷ። ሲባል ሰምታለች፤ መልስ ሰጥታ ግን አታውቅም።]

ክፍሌ፦ የሳሩ ውሃ መርጫ ሲዞር አንዱ ጣሳ ሞልቶ ሌላው ባዶ ከቀረ፣ ውሃው እኩል አልወረደም ማለት ነው። ስልኩ ላይ ያሉት ሰዎች እንዲህ ነው የሚያደርጉት።

አልጋነሽ፦ ስልኩ ላይ ያሉት ሰዎች ዝናብ አላቸው?

ክፍሌ፦ አላቸው።

አልጋነሽ፦ ዝናብ እያላቸው ሳር ያጠጣሉ?

ክፍሌ፦ ያጠጣሉ!

አልጋነሽ፦ ወይ ጉድ! ከብታቸው እንዴት ወፍሮ ይሆን!

ክፍሌ፦ ከብት የላቸውም። ይሄ ሳር አይበላም፣ አክስቴ። አይበላም፣ አይረገጥም፣ ለበዓልም አይጎዘጎዝም።

አልጋነሽ፦ ታዲያ ምን ይደረጋል?

ክፍሌ፦ ይታያል!

አልጋነሽ፦ [አንገቷን አስግጋ ታየዋለች] አየሁት። አሁን ይበቃዋል?

ክፍሌ፦ ዛሬ አስር ሰዓት ላይ የፀዲ ጉዳይ መሆኑን ረሱት? የጃርሶ አባት ኦቦ ሁቃ ከጎልቦ ቆላ ሽማግሌ ይዘው ይመጣሉ። ልጄን ለልጃቸው ሊጠይቁ! ከበር ሲገቡ አረንጓዴ መስክ ካላዩ ምን ይሉኛል?

አልጋነሽ፦ የሚጠይቁት ልጅቱን ነው ሳሩን?

ክፍሌ፦ ሰውየው ሲያመነቱ ነው የከረሙት። ዛሬ ሐሳባቸውን ቢቀይሩ ፀዲ ዕድሜ ልኳን ፊቷን ታዞርብኛለች። ይህ ሳር መታወቂያዬ ነው!

አልጋነሽ፦ መታወቂያህ ቢጫ ነዋ።

ክፍሌ፦ ውሃ አንሶት ነው። በየቀኑ እረጨዋለሁ፣ በየቀኑ ይብሳል።

አልጋነሽ፦ ስልኩ በየቀኑ እርጨው ይላል?

ክፍሌ፦ ስልኩማ... [ጉሮሮውን ይጠርጋል] ስልኩ የሚለው፣ በየቀኑ ላይ ላዩን ከረጨኸው ሥሩ ይሰንፋል፣ ወደ ታች አይወርድም ነው። ንጋት ላይ፣ ፀሐይ ሳትወጣ፣ መሬቱ ወደ ውስጥ እስኪርስ ቀስ ብለህ አጠጣው፤ ከዚያ እስኪጠማው ድረስ ተወው ይላል።

አልጋነሽ፦ አንተስ ንጋት ላይ?

ክፍሌ፦ እተኛለሁ።

አልጋነሽ፦ መቼ ታጠጣለህ ታዲያ?

ክፍሌ፦ ስነሳ። ወደ ስድስት ሰዓት ገደማ።

አልጋነሽ፦ አዬ! ያኔማ ሳሩ ሳይቀምሰው ፀሐይ ትጨልጠዋለች።

ክፍሌ፦ ሳይንሱን ለእኔ ይተዉልኝ። ይልቅ ይህን ሳር ረግጠው ይለፉ። የተረገጠው ተመልሶ ከቆመ አልጠማውም፤ ተኝቶ ከቀረ ጠምቶታል።

አልጋነሽ፦ አይረገጥም አላልክም እንዴ?

ክፍሌ፦ ለሳይንስ ይረገጣል!

[አልጋነሽ ትረግጣለች። ሳሩ እንደተኛ ይቀራል። እሷም ጉልበቷን ይዛ እንደጎበጠች ትቀራለች።]

አልጋነሽ፦ እሱም አልተነሳ፣ እኔም አልተነሳሁ። ሁለታችንንም ጠምቶናል በል።

ክፍሌ፦ ሌላ ፈተና አለ። ካቻቪቴ መሬት ላይ ይሰካል፤ ሰተት ብሎ ከገባ ውስጡ እርጥብ ነው። [ይሰካል። እምቢ ይለዋል። በሁለት እጁ ይወጋል። ካቻቪቴው ይጎብጣል]

አልጋነሽ፦ ምን አለህ?

ክፍሌ፦ ካቻቪቴው ርካሽ ነው።

አልጋነሽ፦ [ተመልሳ በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ መሬቱን እየነካች] እዚህ ጋ ጣቴ ገባ እኮ።

ክፍሌ፦ ጀሪካንዎ እያፈሰሰ ነዋ! ስንቴ ጣሉት አልኩ! ሽማግሌ በሚመጣበት ቀን የተቀደደ ጀሪካን ያሳፍራል።

አልጋነሽ፦ ይህን ጀሪካንና አንተን ባንድ ቀን ነው ድንበር ያሻገርኳችሁ። አንተ በጀርባዬ፣ እሱ በእጄ። ማንኛችሁ አብልጣችሁ እንዳፈሰሳችሁብኝ አልናገርም።

ክፍሌ፦ ኧረ አክስቴ!

አልጋነሽ፦ ያኔ የስደተኛ ካምፑ ውስጥ የውሃ መኪና ሲጠበቅ ሰው ጀሪካኑን ያሰልፍና ጥላ ፍለጋ ይሄዳል። ጀሪካን ያጣ ድንጋይ ያስቀምጣል። እኔ ደግሞ ላንተ አንዲት ጫማህን አስቀምጥልህ ነበር። ይህችን የምታህል፣ ማሰሪያ እንኳ የሌላት ጫማ። ሰው ሁሉ በጥም እየተቃጠለ፣ አንድም ቀን ማንም አልፏት አያውቅም። ጫማ አትባልም ነበር እኮ፤ ክፍሌ ነበረች...

ክፍሌ፦ አሁን የትዝታ ሰዓት አይደለም! የውሃውን ሞተር ላስነሳ። እርስዎ እዚህ ሆነው ሰልፉ እንዳይበላሽ ይጠብቁልኝ።

አልጋነሽ፦ ሰልፉን?

ክፍሌ፦ የጣሳዎቹን ሰልፍ! ማንም መሐል እንዳይገባ፣ ማንም ተራውን እንዳያዛባ። ይችላሉ?

አልጋነሽ፦ ሰልፍ መጠበቅ? [ዓይኗ ሩቅ ይሄዳል] እሱንስ እችላለሁ።

[ክፍሌ ሞተሩ ቤት ይገባል። ሞተሩ ያስላል፤ ይጠፋል፤ ይሰደባል፤ እንደገና ያስላል። ብዙ ቆይቶ ክፍሌ ፊቱ በዘይት ጠቁሮ ብቅ ሲል፣ ከመጨረሻው ጣሳ ቀጥሎ ቢጫ ጀሪካን ቆሟል። ከእሱ ቀጥሎ ሌላ፣ ከዚያም ሌላ። ሰልፉ ሳሩን አቋርጦ፣ በበሩ ወጥቶ፣ መንገዱን ይዞ ሄዷል። የሰፈሩ ሴቶች አጥሩ ጥላ ሥር ቁጭ ብለው ይሳሳቃሉ።]

ክፍሌ፦ ምንድን ነው ይሄ?!

አልጋነሽ፦ አልተበላሸም። ጎረቤታችን ጃለቱ ከፊት ልትሰነቀር ብላ መልሻታለሁ።

ክፍሌ፦ ማን ነው ጀሪካን አምጡ ያላቸው?

አልጋነሽ፦ ዕቃ ደርድረህ፣ ሞተር አስነስተህ! በዚህ ድርቅ ሞያሌ ውስጥ ዕቃ ከተሰለፈ ሰው ተሰለፈ ማለት አይደል?

ክፍሌ፦ ጃማኒ፣ ኧረ የሰው ያለህ፣ ሳሬን ረገጡት!

አልጋነሽ፦ ሳሩ ይታያል እንጂ አይረገጥም ብያቸው ነበር። እሺ ብለው ፈለጉት ፈለጉት፣ ‘የቱ ነው ሳሩ?’ አሉኝ።

ክፍሌ፦ ያስወጡልኝ! ሮቶው ውስጥ ያለው ውሃ ለመርጫው ነው!

አልጋነሽ፦ እኔ ሰልፍ ጠብቁ ነው የተባልኩት፤ በትኑ አልተባልኩም። ደግሞ ቧንቧውን ከፍቼላቸው ግማሹ ቀድቷል።

ክፍሌ፦ ከፈቱት?! መርጫውስ?

አልጋነሽ፦ መርጫህማ ያን ሁሉ ባዶ ጀሪካን ሲያይ አፈረ መሰለኝ፣ አልዞረም።

[በሩ ላይ ኦቦ ሁቃ ዱላቸውን ተደግፈው ቆመዋል፤ ሽማግሌዎቹ ከኋላቸው። ከሰዓቱ ቀድመዋል። ክፍሌ ፊቱን በሸሚዙ ይጠርጋል፤ አሁን ሸሚዙም ጠቆረ።]

ክፍሌ፦ [በሹክሹክታ] አለቀልኝ። ቢጫ ሳር፣ ጥቁር ፊት፣ ግቢው ሙሉ ጀሪካን...

አልጋነሽ፦ ዝም በል። ሰልፉን እያዩ ነው።

[ሁቃ ሰልፉን ከጫፍ እስከ ጫፍ ያያሉ። ጀሪካኗ ሰልፉ መሐል ከቆመው ከጃለቱ ጋር በኦሮምኛ ጥቂት ይነጋገራሉ። ከዚያ ማንንም ሳያዩ በቀጥታ ወደ ግድግዳው ጥግ ይመጣሉ። በሚያፈሰው ጀሪካን ሥር መዳፍ የምታህል ለምለም ሳር አለች። በግቢው ሁሉ አረንጓዴ የሆነችው እሷ ብቻ ናት። ሁቃ ጎንበስ ይላሉ።]

ክፍሌ፦ ኧረ ሊነቅሏት ነው! ያለችኝን አንዲት አረንጓዴ! ኦቦ ሁቃ፣ እንዳይነ—

አልጋነሽ፦ [አፉን በነጠላዋ ጫፍ አፍና] ዋ! የቦረና ሽማግሌ እርጥብ ሳር በእጁ ከያዘ ሊመርቅ ነው!

ክፍሌ፦ [ከነጠላው ሥር] ሳሬ ግን...

አልጋነሽ፦ የምትድረው ልጅህን ነው ሳርህን?

[ሁቃ ሳሯን ከፍ አድርገው ይይዛሉ። ረጅም፣ ረጋ ያለ ምርቃት ይወርዳል፤ ሽማግሌዎቹ እየተቀበሉ ይከተላሉ። ፀዲ በኩሽናው መስኮት እልል ትላለች። በድሮው ጊዜ ሙሽራ ለራሷ እልል አትልም ነበር፤ ይሁን። ሁቃ ለአልጋነሽ ዝቅ ባለ ድምፅ አንድ ነገር ተናግረው ወደ ጥላው ይሄዳሉ።]

ክፍሌ፦ ምን አሉ? ሳሩን ወደዱት?

አልጋነሽ፦ ‘ጎልቦ ከብት በጥም ሲወድቅ፣ ሞያሌ ውስጥ ሳር የሚያጠጣ ሰው አለ ብለውኝ፣ ከእንዲህ ያለ ቤትስ ልጅ አንወስድም ልል ነበር የመጣሁት’ አሉ። ‘ለካ ውሸት ኖሯል፤ የሚያጠጣው ሳር ሳይሆን ሰው ነው፤ እህቴን እንኳ ከተራዋ አላስቀደሙም’ አሉ።

ክፍሌ፦ እህታቸው ማን ናት?

አልጋነሽ፦ ጃለቱ።

ክፍሌ፦ [ደረቱን ይነፋል] አላልኩም? ጣሳ መደርደሬ በከንቱ አልነበረም! ሴቶቹ በመንገድ ሲያልፉ ጣሳዎቼን ባያዩ ኖሮ...

አልጋነሽ፦ በምን ያዩታል? አጥርህ ከቁመትህ ይበልጣል።

ክፍሌ፦ ታዲያ ማን ጠራቸው?

አልጋነሽ፦ ወንድሟ ምን ሊል እንደሚመጣ ጃለቱ ትናንት አጫውታኝ ነበር። አንተ ሞተርህን ስትሳደብ እኔ በሩን ከፍቼ አንዴ ‘ቢሻን!’ አልኩ። ውሃ መጣ ሲባል ማንያታ ሁለተኛ አይጠራም።

[ክፍሌ ጎባጣውን ካቻቪቴ ያያል። ስልኩን ያያል። ስልኩን ኪሱ ይከታል።]

ክፍሌ፦ እሺ... በቃ ፊቴን ልታጠብና እንግዶቼን ላስተናግድ። እስቲ ትንሽ ውሃ።

አልጋነሽ፦ ጀሪካንህ የታለ?

ክፍሌ፦ አክስቴ! የገዛ ሮቶዬ እኮ ነው!

አልጋነሽ፦ ሮቶው ያንተ ነው። ሰልፉን ግን ለእኔ ሰጥተኸኛል።

[ክፍሌ ዙሪያውን ይቃኛል። ጣሳዎቹን ሴቶቹ መቅጃ አድርገዋቸዋል። ሁቃ ከጥላው ሥር ሆነው እያዩት ነው። ቀስ ብሎ ጎንበስ ይልና አንድ የተወለወለ ጫማውን ያወልቃል። በአንድ እግሩ እያነከሰ ከበሩ ይወጣል፤ ከመጨረሻው ጀሪካን ኋላ ያስቀምጠዋል። አልጋነሽ የድሮዋን ትንሽ ጫማ ለይታ ያወቀች ያህል ዓይኗ እንባ ያቀራል።]

አልጋነሽ፦ [ወደ ሴቶቹ፣ ጮክ ብላ] ያቺን ጫማ ማንም እንዳያልፋት! ክፍሌ ናት!