ዜናሃ ለአትንኩት፦ የሰልፉን ሎግ ከደምሳሽ እጅ ያዳነችበት

በዘመነ አትንኩት፣ አሮጌው ሰርቨር ከነጩኸቱ ተሽሮ አዲሱ በተተካ በማግሥቱ ዓመት፣ የአውቶቡስ ቲኬት በስልክና በመስኮት የሚሸጠው ድርጅት ጸንቶ ሳለ፣ የመልእክት ሰልፍ ጠባቂ፣ የዲስኮች መጋቢ፣ ቁጣዋ ከኮምፒውተሯ ቀድሞ የሚነሣ፣ በኪቦርድ ስሟ አትንኩት የተባለችው ወጣት ያደረገችው ይህ ነው።

ሰርቨሩ ሰው ቲኬት በገዛ ቁጥር የሚላከውን መልእክት ተራ አስይዞ ወደየአውቶቡሱ ያደርሳል፤ ያደረገውንም ሁሉ ሎግ በሚባል ፋይል ይጽፋል፣ ቢወድቅ ከዚያ አንብቦ እንዲነሣ። አስቀድሞ ምክትል ሥራ አስኪያጁ፣ በኪቦርድ ስሙ አባ ደምስስ፣ ባስተዳደረው ጊዜ ሥርዓቱ ዙሪት ነበረ፤ ሎጉ ቦታ ሲያልቅበት ወደ መጀመሪያው ተመልሶ በገዛ ጽሑፉ ላይ ይጽፍ ነበርና። ዲስኩም በተሰበረ ጊዜ የሚነበብ ታጣ፣ የተሸጠው ወንበር ዳግመኛ ተሸጠ፣ አንዲት እናትም ያን ሁሉ መንገድ በተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጠው የድርጅቱን ዘር ማንዘር እየረገሙ ሄዱ። ዘመኑም ዘመነ ባልዲ ተባለ።

ስለዚህ አትንኩት በተሾመች ጊዜ ዙሪቱን ሽራ ተርታውን አነገሠች፤ ይኸውም ምንም ሳይደረብበት ፋይል በፋይል እየቀጠለ የሚሄድ ሎግ ነው፤ ነገር ግን አሮጌው በየዕለቱ ካልተነሣለት ዲስኩን ይሞላል። አባ ደምስስም ይህችን ይዞ በሥራ አስኪያጁ ፊት አወጀ፦ «ስሙ! ይህን ዲስክ ያስሞላ ሰው ከወንበሩ ተነሥቶ ቲኬት መስኮት ይቀመጣል፤ ዙሪቱም ይመለሳል!» ሥራ አስኪያጁም አጸደቁ። አትንኩት መስኮቱን ከሞት አብልጣ ትፈራ ነበርና አሮጌ ፋይል የሚያነሣ ፕሮግራም ጽፋ ስሙን «ጽዳት» አለችው። የመከራውም ሥር ይህ ስም ሆነ።

ከዕለታት ባንዱ ሥራ አስኪያጁ እንግዶች ሲያስጎበኙ የተወለወለው ኮሪደር አዳለጣቸው፤ በመቀመጫቸው ወርደውም ገና ሳይነሡ አወጁ፦ «እንግዶቹ እስኪሄዱ በዚህ ሕንፃ ጽዳት የሚባል ነገር እንዳላይ!» የሰርቨሩ ተረኛ አባ እሺ፣ ከመጠየቅ መፈጸም የሚቀናው፣ ይህን ሰምቶ ሮጦ ገብቶ ፕሮግራሙን አቆመ። እንግዶቹም ቤቱን ወደዱትና ሰነበቱ።

ወእምዝ ትምህርት ቤት በተዘጋ ማግሥት፣ አገር ምድሩ ቲኬት ሲሻማ፣ ዲስኩ ሞላ፤ ሰርቨሩም አዲስ መልእክት አልቀበልም ብሎ ቆመ። አትንኩት ምሳዋን ጥላ ተነሣች። የተከተሏትም እኒህ ናቸው፦ አባ እሺ ላፕቶፕ ተሸክሞ፣ የቲኬት ሻጮቹ አለቃ ድምፃቸው በጩኸት ተዘግቶ፣ ዘበኛው ማራገቢያ ታቅፎ፣ ሒሳብ ሹሟ ምንም ሳይዙ ለማየት ብቻ፤ በኋላቸውም አባ ደምስስ ፊቱ በርቶ።

እርሱም በሩ ላይ ቆሞ አወጀ፦ «ደምስሱት! ሰው ፀሐይ ላይ ቆሞ ሎግ በቀዘቀዘ የሰርቨር ክፍል ይቀመጣል እንዴ? ሙልጭ አድርጋችሁ ደምስሱት!» ቢደመሰስ ሰልፉ ወዲያው በሄደ ነበር፤ ነገር ግን ከዚያ በኋላ ሰርቨሩ አንዴ ቢደናቀፍ፣ ተከፍሎባቸው ገና ያልደረሱት ቲኬቶች ሁሉ እንደ ጉም በጠፉ፣ ዘመነ ባልዲም በተመለሰ። አትንኩትም ክንዷን ዘርግታ አወጀች፦ «አትንኩት! ኪቦርዱን የነካ ወዮለት! እኔ ሳልጨርስ ማንም አይተንፍስ! አንተም አባ እሺ፣ እሺ እንዳትል!» አባ እሺም ልማዱ ነውና እሺ አለ።

እርሷም ሰርቨሩ ቢወድቅ ለመነሣት ከየትኛው ፋይል ጀምሮ እንደሚያስፈልገው ራሱን ሰርቨሩን ጠየቀችው፤ እርሱም ነገራት። ከዚያ በፊት ያለውን ወደ ሌላ ዲስክ ገልብጣ፣ በደህና መገልበጡን አይታ፣ አሮጌውን ብቻ አነሣች፤ ከዚያ ወዲህ ካለው አንዲት ፊደል አልነካችም። ሰልፉም ተንቀሳቀሰ፣ የሻጮቹ ስልኮችም በአንድነት ጮኹ።

አባ ደምስስ ግን ዲስኩ ሞልቷልና አዋጁ ይፈጸም ብሎ ሥራ አስኪያጁን ጠርቶ አመጣ። ሲመረመር «ጽዳት» ቆሞ ተገኘ። አባ እሺም በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ አወጀ፦ «ጽዳት ይቁም ተባለ፣ አቆምኩ! መጥረጊያ ይሁን ፕሮግራም ማን ለየልኝ?» የሁሉም ዓይን ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞረ። እርሳቸውም «ያስሞላ» የምትለዋን ቃል በአፋቸው ጥቂት አመላለሷትና አወጁ፦ «ያስሞላሁት እኔ ነኝ። ተርታው ይጽና፤ የፕሮግራሙም ስም ‹አሮጌ ሎግ ማንሻ› ይሁን፤ መስኮቱን አሳዩኝ!»

እውነትም ሄዱ። ቲኬት ቆርጠው አያውቁምና አንዱን መንገደኛ ሲያስተናግዱ ከሰልፉ መካከል እንዲህ ተብሎ ታወጀባቸው፦ «አባባ፣ እንቅልፍ ወሰደዎት እንዴ? አውቶቡሱ እኮ አይጠብቀንም!»

ትመስገን እንግዲህ አትንኩት፤ የሚነሣውን ከማይነሣው የለየች፣ ጩኸት ያላጣደፋት፣ በአዋጅ የተያዘች በአዋጅ የተፈታች፣ የተርታው ሎግ ጋሻ! በዚያን ዕለት መንገደኛው ሁሉ በገዛው ወንበር ተቀምጦ፣ መስኮቱን ከፍቶ፣ ስለ እርሷ አንዳች ሳያውቅ አገሩ ገባ፤ የሰልፍ ጠባቂም ክብር ከዚህ አይበልጥም።