ጣፋጭ ቡናና የሠርጉ ሱሪ

(የልብስ ሰፊ ቤት። ያላለቁ ኮቶች በግድግዳው ላይ ተሰቅለዋል፤ መሬቱ ላይ ክርና ቁርጥራጭ ጨርቅ ፈሷል። ሰፊው ከስፌት መኪናው ኋላ ተቀምጧል። ሰፈሩ ‹‹ሊቁ›› ይለዋል፤ ያልተጠየቀውን ሁሉ ስለሚመልስ። የሚስቱ ወንድም አብሮት ይሠራል፤ ቁልፍ ይተክላል፣ ልብስ ይተኩሳል። እሱን ደግሞ ‹‹ዝግታ›› ይሉታል፤ ነገር የሚገባው ዘግይቶ ነው፣ አንዴ ከገባው ግን አይወጣም። ዝግታ አሁን ዳገቱን ወጥቶ ወርዶ፣ ክሬም የተቆለለበት፣ ካራሜል የፈሰሰበት፣ ብስኩት የተነሰነሰበት ትልቅ ኩባያ ቡና ይዞ ገብቷል። ክርክሩ ገና ከበሩ ነው የጀመረው።)

ሊቁ፦ መጠጥ ነው አልኩህ።

ዝግታ፦ ማንኪያ ሰጥተውኛል እኮ ጋሼ።

ሊቁ፦ ቢሰጡህስ? ሽሮፕም በማንኪያ ነው የሚጠጣው።

ዝግታ፦ እሱስ ልክ ነህ። (ያስባል) ሽሮፕ ላይ ግን ብስኩት አይነሰንሱም።

ሊቁ፦ ስማኝ ወንድሜ። ሰውን የሚያወፍረው የሚታኘክ ነገር ነው። ጥርስ ያልነካውን ሆድ ከየት ያውቀዋል? በስትሮ ስትስበው ደግሞ ጥርስን በጎን አልፎ ነው የሚሄደው።

ዝግታ፦ ሆድ ሲደርስ ታዲያ ምን ብሎ ይገባል?

ሊቁ፦ ውሃ ነኝ ብሎ።

ዝግታ፦ ዋሽቶ?

ሊቁ፦ (ኩባያውን ወደ ራሱ እየሳበ) ይሄን ክሬም ተመልከተው። ምን እያደረገ ነው?

ዝግታ፦ ተቀምጧል።

ሊቁ፦ እየተንሳፈፈ ነው። ከባድ ነገር ቢሆን ኖሮ ይሰምጥ ነበር። ቀላል ስለሆነ ነው ላይ የቀረው። ቀላል ነገር ደግሞ ሰው ላይ አይከብድም።

ዝግታ፦ መርከብም ይንሳፈፋል እኮ።

ሊቁ፦ መርከብ ጠጥተህ ታውቃለህ?

ዝግታ፦ ኧረ አላውቅም።

ሊቁ፦ ታዲያ በማታውቀው ነገር ለምን ትገባለህ?

(ዝግታ አፈረ። እውነትም መርከብ ጠጥቶ አያውቅም። ካውያውን ሊያሞቅ ዞር አለ፤ ሐሳቡ ግን ከኩባያው አልራቀም። የጋሼ የሰሞኑ ነገር ያስፈራዋል። ሐኪሙ ‹‹ስኳር ደጅህ ላይ ቆሟል፤ የቀረው መግባት ብቻ ነው›› ብሎታል። ይህን የሰማችው ሚስቱ ደግሞ ከልጃቸው ሠርግ በፊት ቀጠሮ ሰጠችው፤ የራሳቸው ሠርግ ዕለት የለበሰው ሱሪ፣ አንዲት ስፌት ሳይፈታ፣ ሳይሰፋ ወገቡ ላይ ከተቆለፈ እንደ ልቡ ይጠጣ፤ ካልተቆለፈ ግን ጣፋጭ ቡና የሚባል ነገር በአፉ አይዞርም። ቀጠሮው ዛሬ ነው። ትመጣለች። ጋሼ ግን ክሬሙን በማንኪያ እየቆረሰ ነው።)

ዝግታ፦ ጋሼ፣ ስኳር ደጅ ላይ ከቆመ፣ እኛው እጁን ይዘን ማስገባታችን አይሆንም?

ሊቁ፦ በተቃራኒው። ደጅ የቆመ እንግዳ መቼ ነው በር የሚሰብረው?

ዝግታ፦ ሲመሽበት?

ሊቁ፦ ሲርበው። እዚያው ደጁ ላይ ጥቂት ጥቂት ካቀረብክለት፣ በልቶ እዚያው ቁጭ ይላል። እኔ ያንን ነው የማደርገው። ሞኝ ሰው ጣፋጭ ይተዋል፤ ብልህ ሰው ቦታ ያበጅለታል። ጤናማ አኗኗር የሚሉት ይሄ ነው።

ዝግታ፦ ቦታውስ የት ነው?

ሊቁ፦ በእንቅስቃሴ መካከል። አንድ ኩባያ፣ አንድ ዳገት። ማዶ ካፌ እያለ ለምን ከዳገቱ ጫፍ የማስመጣ ይመስልሃል? ስኳሩ ገና ሳይጠጣ በእግር ይቃጠላል።

ዝግታ፦ ዳገቱን የምወጣው ግን እኔ ነኝ።

ሊቁ፦ እኛ ቤት ደግሞ የኔና ያንተ ከመቼ ወዲህ መጣ? አንድ ሱቅ፣ አንድ ካውያ፣ አንድ ቤተሰብ። አንዱ ከተራመደ ቤቱ ተራመደ።

(ዝግታን ይሄ ነገር ልቡን ነካው። አንድ ቤተሰብ መባል ይወዳል። ካውያውን አስቀመጠ።)

ዝግታ፦ ደንበኞቹ ግን ያወራሉ ጋሼ።

ሊቁ፦ ምን ብለው?

ዝግታ፦ ሰፊው እየሰፋ ነው ብለው።

ሊቁ፦ ሥራዬ አይደል? እኔ ካልሰፋሁ ማን ይስፋ?

ዝግታ፦ ወንበሩም ይጮኻል።

ሊቁ፦ አርጅቶ ነው።

ዝግታ፦ የምትለብሰውም ሱሪ ላስቲክ ነው፤ ቁልፍ የለውም።

ሊቁ፦ የሥራ ልብስ ነው፤ ይመቻል። አንተ ሰው፣ ዛሬ ምን ነካህ? ማስረጃ ፈለግህ? እሺ። ያንን የሠርግ ሱሪ አውርደውና ልበሰው።

(ይህ የቤቱ ደንብ ነው። ሊቁ ለመለካት ከወንበሩ አይነሳም፤ ‹‹ሐኪም ራሱን አያክምም፣ ሰፊም ራሱን አይለካም›› ይላል። ዝግታ እዚህ ሱቅ ሲገባ ወገባቸው አንድ ነበርና፣ ለራሱ የሰፋውን ሁሉ ለዝግታ እያለበሰ ነው ልኩን የሚያየው። የሠርጉንም ሱሪ እንዲሁ። ዝግታ መጋረጃው ጀርባ ሄዶ ለብሶ ወጣ። ሱሪው እንዳይወርድ በጡጫው ይዞታል።)

ሊቁ፦ አየህ? ልቀቀው እስቲ።

ዝግታ፦ ከለቀቅኩት ይወርዳል።

ሊቁ፦ ይውረድ እንጂ። ሥራዬን ልየው። ይሄን ሱሪ መጀመሪያ ያለበስኩህ ጊዜ ቁልፉ ከቀዳዳው ተኳርፎ ነበር፣ ትዝ ይልሃል? ከዚያ ተቆለፈ። ከዚያ ሰፋ። አጠበብኩት። እንደገና ሰፋ። እንዴት አድርጌ ነው የከሳሁት በል።

ዝግታ፦ እኔም የገረመኝ እሱ ነው። ጋሼ፣ አንድ ነገር ልንገርህ?

ሊቁ፦ ቁም። አትናገር። ስፒል እየያዝኩ ነው።

ዝግታ፦ ወገቤ...

ሊቁ፦ ሲለካ አይወራም አላልኩህም? ሆድህን ስትናገር ትነፋዋለህ፣ ልኩ ይበላሻል። (ስፒሉን ሰክቶ) ሁለት ጣት ላጥብበው። እሷ ማስፋት ነው የከለከለችኝ፤ ማጥበብ አልከለከለችም። ዛሬ ስትመጣ ሱሪው ወገቤ ላይ እንደ ቀለበት ተቀምጦ ታያለች። አውልቀህ አምጣው።

(መኪናው ተንጣጣ። ሊቁ እየሰፋ ስለ ሠርጉ ቀን አወራ፤ ሙሽራዋን ክንዷን ይዞ ሲገባ ሰዉ ‹‹አባትየው ነው ወይስ ወንድሟ?›› እንደሚል፤ ከድግሱ መሐል ትልቅ ኩባያ ቡና በሁለት ክሬም እንደሚያዝ፤ ሚስቱም ተሸንፋ ራሷ እንደምታቀብለው። ዝግታ እየሰማ ራሱን ነቀነቀ። ሊቁ የመጨረሻውን ክር በጥርሱ ሲበጥሰው፣ የሚስቲቱ ድምፅ ከውጭ ተሰማ፤ ከጎረቤቱ ጫማ ሰፊ ጋር ሰላምታ ላይ ናት። ሊቁ ሱሪውን ይዞ መጋረጃው ጀርባ ገባ። ቆየ። መጋረጃው አንዴ በዚህ፣ አንዴ በዚያ አበጠ።)

ዝግታ፦ ጋሼ፣ ገባ?

ሊቁ፦ (ከመጋረጃው ጀርባ) አንድ እግር ገብቷል።

ዝግታ፦ ሁለተኛውስ?

ሊቁ፦ አንደኛው ቦታ እስኪለቅለት እየጠበቀ ነው።

ዝግታ፦ ልርዳህ?

ሊቁ፦ ካውያውን አብዝተህበታል። ጨርቁ ተኮማትሯል።

ዝግታ፦ አሁን እኔ ላይ ሲወርድ ነበር እኮ።

(መጋረጃው መንቀሳቀስ አቆመ። ከዚያ የሊቁ ጭንቅላት ብቻ በጎን ብቅ አለ። ዝግታን ከላይ እስከ ታች አየው፤ ጉንጩን፣ አንገቱን፣ በቀበቶ የተቋጠረውን ወገቡን፤ ለመጀመሪያ ጊዜ እንዳየው ሰው።)

ሊቁ፦ አንተ። መቼ ነው እንዲህ የከሳኸው?

ዝግታ፦ ዳገቱን ስወጣ ስወርድ ነዋ። አንተው አዘኸኝ።

ሊቁ፦ እኔ ያዘዝኩት ለራሴ ነው።

ዝግታ፦ (ግራ ተጋብቶ) ለራስህ ሲሆን እኔ እንዴት ሄድኩ?

ሊቁ፦ ለምን አልነገርከኝም?

ዝግታ፦ ልነግርህ ስል ስፒል ትይዛለህ። ደግሞ ታውቃለህ ብዬ ነው፤ የምታውቀው አንተ አይደለህ? እኔማ ለኔ ጤና ያሰብክ መስሎኝ ነበር። ጠዋት ዳገት ታስወጣኛለህ፣ ከሰዓት ዳገት ታስወጣኛለህ፣ ሱሪ እያለበስክ ወገቤን ትለካለህ፣ በቀነስኩ ቁጥር ደስ ይልሃል። የሥጋ ወንድም እንኳ እንዲህ አያደርግም አልኩ። የሠርግ ሱሪህን ለኔ ስታጠብብማ እንባዬ መጣ።

(ሊቁ መጋረጃውን ወገቡ ላይ አጥብቆ ጠቀለለ።)

ሊቁ፦ ይሄን ለማን ተናገርክ?

ዝግታ፦ ለእህቴ ብቻ።

ሊቁ፦ ምን ብለህ?

ዝግታ፦ ባልሽ የገዛ ሱሪውን ለኔ እያጠበበልኝ ነው፣ እግዜር ይስጥልኝ በይልኝ ብዬ።

ሊቁ፦ እሷስ?

ዝግታ፦ ሳቀች። አቁማ ደግሞ ሳቀች። ቀጥላ ‹‹ተወው፣ ያጥብብልህ›› አለችኝ።

(ሚስት ገባች። ባሏን መጋረጃ ታጥቆ፣ ከጉልበቱ በላይ እምቢ ያለ ሱሪ ለብሶ አገኘችው። ሊቁ ስለ ጨርቅ መኮማተር ጀምሮ ነበር፤ አልጨረሰም። እሷ አልጮኸችም። ሱሪው ልኩ ለሆነው ሰው ይሁን አለች፤ የሙሽራዋ አጎት ዝግታም ለሠርጉ የሚለብሰው አልነበረውምና ደግ ሆነ። ሊቁ ደግሞ ለራሱ አዲስ ሱሪ በራሱ ወገብ ይስፋ፤ ቆሞ ይለካ፤ ሜትሩን ራሷ ትይዛለች። ስለ ቡናው ሊቁ ቀስ ብሎ ሲጠይቅ ረጅም ጊዜ አየችው። ኩባያው ያለ ክሬም፣ ያለ ካራሜል፣ ትንሹ ይሁን፤ የሚጠጣውም ራሱ ሄዶ፣ ራሱ ተመልሶ ነው አለች። ከዚያ ለስለስ አለች። ልጃቸውን ክንዷን ይዞ እንዲገባ የምትፈልገው እሱን ነው፣ ሱሪው ምንም ይሁን፤ ከሠርጉም በኋላ ለብዙ ዓመት እንዲኖርላት ነው የምትፈልገው። ይህን ብላ የሙሽራዋን ቀሚስ ልታይ ወደ ጓዳው ዘለቀች። ሊቁ በላስቲክ ሱሪው ተመልሶ፣ ጫማውን አጥልቆ፣ ደጁ ላይ ቆመ። ዳገቱን ከታች ወደ ላይ አየው። ከዚህ ቀደም ይህን ያህል ረጅም አልነበረም። ዝግታ በባዶው ወንበር ተቀመጠ፤ ወንበሩ አልጮኸም።)

ዝግታ፦ ጋሼ።

ሊቁ፦ ምን ፈለግህ?

ዝግታ፦ ከሄድክ አይቀር ለኔም አንድ አምጣልኝ። ትልቁን። ክሬሙም፣ ካራሜሉም፣ ብስኩቱም ሳይቀር።

ሊቁ፦ አንተ? አንተ ደግሞ ከመቼ ጀምሮ ነው ጣፋጭ የምትጠጣው?

ዝግታ፦ አሁን ገባኝ። አንድ ቤተሰብ አይደለን? አንተ ተራመድ እንጂ፣ ስኳሩን እኔ እችልልሃለሁ።