የማያውቀውን ሰው የሚናፍቀው መምህር

ሰላምታ የሚያበዛ ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። አለ ከተባለም ሰፈር ሳይሆን መጋዘን ነው። ይህን ሰው ታውቁታላችሁ። ዳቦ ልትገዙ ስትወጡ መንገድ ላይ ይይዛችኋል። ስለ ጤናችሁ፣ ስለ እናታችሁ ወገብ፣ ስለ አክስታችሁ ልጅ ፈተና፣ አምና ስለሞተችው ላማችሁ ሳይቀር ይጠይቃችኋል። እጃችሁን ሲለቅ ዳቦ ቤቱ ተዘግቷል። የዲላው ግን ከሁሉም ይብሳል። የዲላው መምህር ባርናባስ የሰፈሩን ሰው ሰላም ብሎ ስለጨረሰ ፊቱን ወደ ውጭ አገር አዙሯል።

የዚህ ሰው ሚስት መሆን ምን እንደሚመስል የምታውቀው ኤልቤቴል ብቻ ናት። ገበያው አጠገብ ባለችው የስፌት ቤቷ ቁጭ ብላ መኪናዋን እየረገጠች፣ «እኔ ያገባሁት የጂኦግራፊ መምህር ነበር፤ አሁን የምኖረው ከአምባሳደር ጋር ነው» ትላለች ለደንበኞቿ። ደንበኞቿም ይስቃሉ። እሷ ግን አትስቅም፤ ቀሚሱ እንዳይጣመምባት ታያለች።

ነገሩን ያመጣችው ትንቢት ናት፤ የባርናባስ የድሮ ተማሪ፣ ዛሬ በዚያው ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ የምታስተምር ልጅ። አንድ ቀን በሻይ ሰዓት እንዲሁ ለወሬ ያህል ነገረችው። በኢንተርኔት አድራሻውን ያስመዘገበ ሰው ለማያውቀው ሰው ፖስት ካርድ ይልካል፤ ሌላ የማያውቀው ሰው ደግሞ ለእሱ ይልክለታል። ዕቁብ በሉት፤ የሚወጣው ዕጣ ግን ሰላምታ ነው። ባርናባስ ይህን ሰምቶ የዚያን ቀን ምሳውን በወጉ አልበላም። ሰላምታ የሚጠብቁ ሰዎች በዓለም ሞልተው ሳለ እሱ እስከዛሬ ዝም ብሎ መኖሩ አሳፈረው።

ዲላ ውስጥ የዲላ ፖስት ካርድ የሚሸጥ የለም። ክቡር አምባሳደር ይህ አላገዳቸውም። በስልኩ ያነሳውን ፎቶ ፎቶ ቤት ወስዶ ያሳትማል፣ ጀርባውን በወፍራም ወረቀት ይለጥፋል፣ ጠርዙን በኤልቤቴል መቀስ ይከረክማል። መቀሱ ስለደነዘ በቤታቸው ብዙ ተብሏል። የቱቱ ፈላን ትክል ድንጋዮች ልኳል፣ የጪጩን ገበያ ልኳል፣ ወናጎ ላይ በማድረቂያ አልጋ የተሰጣ ቡና ልኳል። አንድ ጊዜ ደግሞ የገዛ ጓሮውን እንሰት ለአንድ ጀርመናዊ ቢልክለት፣ ሰውዬው «ሙዛችሁ መቼ ነው የሚደርሰው?» ብሎ ጻፈ። ለጌዴኦ ልጅ ከዚህ የሚብስ ስድብ የለም። ባርናባስ ቆጮውን ፊቱ አድርጎ ያን ካርድ ደጋግሞ አነበበው። እስከዚያን ጊዜ ያለ ሰላምታ የጻፈው ብቸኛ ካርድ ለዚያ ሰው የሄደው ነው።

የራሱ የፖስታ ሳጥን የለውም። ካርዶቹ የሚመጡለት በሽፋ ሳጥን ነው። ሽፋ ፖስታ ቤቱ ፊት ለፊት ሱቅ ያለው ነጋዴ ነው፤ እንግሊዝኛውን ከመድኃኒት ብልቃጥና ከሳሙና ካርቶን ላይ ቢማረውም ለብዙ ነገር ይበቃዋል። ፖስት ካርድ ደግሞ መቼም ታውቃላችሁ፣ ፖስታ አይለብስም። ኤልቤቴል «ራቁቱን የሚሄድ ደብዳቤ» ነው የምትለው። ሽፋም እያንዳንዱን ካርድ ከባለቤቱ በፊት ያነባል። ይህም ነውር እንዳልሆነ ለራሱ አስረድቷል፤ ሊደብቁት ቢፈልጉ ኖሮ ያለብሱት ነበር ባይ ነው።

ካርድ የመጣ ቀን የባርናባስን ደስታ ልነግራችሁ አልችልም። ከሱቁ እስከ ቤቱ ያለችውን አጭር መንገድ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ይሄዳታል፤ ያላሳየው ሰው እንዳይቀር። የባጃጁ ሹፌር በኢስቶኒያ ስለጣለው በረዶ ሳይሰማ ጉዞ አይጀመርም። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የጸሎት ርእስ ያለው ሲባል እጁን አውጥቶ፣ ቤልጅየም ስላለች አንዲት ሴት ጉልበት አስጸልዮ ያውቃል። ጉባኤው እንግዲህ ምን ያድርግ፣ ጸለየ። ከሁለት ወር በኋላ ጉልበቷ እንደተሻላት ጽፋ ላከች፤ ባርናባስም ካርዱን ይዞ ምስክርነት ወጣ፤ እልልታው ውጭ ድረስ ተሰማ። «ዓለም ማለት እኮ ጎረቤት ነው፤ ሰላም ስላልተባባልን ነው የራቀው» ይላል ሁልጊዜ። ለኤልቤቴልም ማታ ማታ የመጣውን ሁሉ በአማርኛ ያነብላታል። እሷ እያዛጋች ትሰማለች፤ ግን ትሰማለች።

እሱ የሚጽፈውን ግን አታውቅም። የሚጽፈው በእንግሊዝኛ ነዋ። ብታውቅ ኖሮ ነገሩ ቀድሞ ይፈነዳ ነበር። ምክንያቱም ባርናባስ ካርድ የሚጽፈው አባቶቻችን ደብዳቤ በሚጽፉበት ወግ ነው። «ለጤናሽ እንደምን አለሽ? ባለቤትሽ፣ ልጆችሽ፣ ጎረቤቶችሽ፣ ከብቶችሽ እንደምን አሉ? እኔ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከናፍቆትሽ በስተቀር በጣም ደህና ነኝ» ይልና ካርዱ ያልቃል። ሌላ ወሬ የሚጻፍበት ቦታ የለም። ይህን ሁሉ ቃል በቃል ወደ እንግሊዝኛ ገልብጦ ላያቸው ሰዎች ሳይሆን በሕይወቱ ላላያቸው ሰዎች ይልካል።

እኛ ስናነበው ሰላምታ ነው። ፈረንጅ ሲያነበው ግን ናፍቆት ነው። አንድ የሆላንድ ሰው «ይቅርታ፣ ተዋውቀን ነበር እንዴ?» ብሎ ጠይቋል። አንድ ጃፓናዊ ጡረተኛ ደግሞ እሱ ገና መናፈቅ እንዳልጀመረ፣ ግን እንደሚሞክር፣ ስለዘገየም ይቅርታ እንደሚጠይቅ በሚያምር ጽሕፈት ጻፈ። ባርናባስ ሁለቱንም ካነበበ በኋላ የሰው አገር ሰው ምን ያህል ትሑት እንደሆነ አደነቀ።

ከዚያ የአይኖ ካርድ መጣ። አይኖ በፊንላንድ ገጠር ብቻዋን የምትኖር፣ ሰማንያን የተሻገረች ሴት ናት። ከባርናባስ ጋር ከተጻጻፉ ቆይተዋል። በዚያ ካርድ ላይ ግን፣ «ውድ ባርናባስ፣ እኔም ከናፍቆትህ በስተቀር ደህና ነኝ» ብላ፣ ከሥሩ በቀይ እስክሪብቶ ልብ ሥላበታለች። ሽፋ ይህን ሱቁ ውስጥ ድምፁን ከፍ አድርጎ ተረጎመው። ሱቁ ውስጥ ሰው ነበር። ወሬው ጪጩ ሲደርስ የአይኖ ዕድሜ ወደ ሠላሳ ወርዷል፤ ወናጎ ሲደርስ የአውሮፕላን ትኬት ቆርጣለች።

ለኤልቤቴል የነገረቻት ቀሚስ ልታሳጥር የመጣች ደንበኛ ናት። ኤልቤቴል ስለ ፊንላንዷ ሴት ስትሰማ ከልቧ ሳቀች። ባሏን ታውቀዋለች፤ ሴት ፍለጋ ቢወጣ እንኳ የሴትዮዋን እናት፣ አባትና አያት ሰላም ብሎ ሳይጨርስ ይመሽበታል። ሳቋን ስትጨርስ ግን፣ እስቲ የጻፈችለት ምን ነበር ድገሚልኝ አለቻት። ሴትዮዋም ደገመችላት። የኤልቤቴል እግር ከመኪናው ፔዳል ላይ ቆመ።

ያቺን ዓረፍተ ነገር ታውቃታለች፤ ሴትዮዋ «እኔም» ካለች ደግሞ ቀድሞ የጻፈው እሱ ነው። ባርናባስ መጀመሪያ ለማስተማር የተመደበው ባንኮ ጎቲቲ የሚባል ገጠር ነበር፤ ሞባይል የሚባል ነገር ገና ዲላ አልደረሰም። እሷ ያኔ እዚሁ ዲላ ስፌት ትማራለች። በየቡና መኪናው የሚመጡላት ደብዳቤዎች ከዳር እስከ ዳር ሰላምታ ብቻ ነበሩ፤ የፍቅር ቃል የሚባል አልነበረባቸውም። «ከናፍቆትሽ በስተቀር ደህና ነኝ» የምትለዋ ብቻ ነበረች። ያን ጊዜ ይህን የማይጽፍ ሰው እንደሌለ ኤልቤቴልም ታውቅ ነበር፤ ለአጎትም ይጻፋል፣ ለዕድር ሊቀመንበርም ይጻፋል። ቢሆንም እያንዳንዷ ሴት ለእኔ ሲሆን እውነት ነው ትላለች። ኤልቤቴል እንዲህ ብላ ነው ያገባችው። አሁን ግን ያቺው ቃል ለሆላንድም፣ ለጃፓንም፣ ለማያውቀው ሰው ሁሉ ስትታደል ኖራለች። እኔም ያው ሰላምታ ኖሬ ይሆን እንዴ የሚል ሐሳብ ገብቶባት አልወጣ አለ። ይህን ደግሞ ለማን ይነግሩታል? ሰው በፊንላንዷ ሴት ቀንታለች ብሎ ሲስቅ፣ እሷ የምትቀናው በገዛ ደብዳቤዋ ነበር።

በዚያው ሳምንት ትንቢት አንገቷን ደፍታ ለባርናባስ ነገሩን አስረዳችው። የጻፈው በእንግሊዝኛ ሲነበብ ምን እንደሚል። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌም ሆነ ብለው ሳይሆን እንደ ዋዛ ስለ ፊንላንድ ጠየቁት። ሚስቱም ፊት ነስታዋለች። ባርናባስ ነገሩን ሁሉ ደማምሮ በአይኖ የተነሳ የተቀየመችው መሰለው፤ ክው አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንደ ፈረንጅ መጻፍ ያዘ። «ዲላ ዛሬ ዝናብ ነው። ነገም ሳይዘንብ አይቀርም። ባርናባስ።» ካርዱ ግማሹ ባዶ ይቀራል።

ይባስ ብሎ የመንገዱንም ሰላምታ አሳጠረ። «ሰላም» ብሎ ያልፋል። ዳቦ የሚገዛ ሰው ሁሉ ዳቦውን ትኩሱን ይዞ ቤቱ ይገባ ጀመር፤ ማንም ግን ደስ አላለውም። ስንት ዓመት ሲያዩት መንገድ ይቀይሩ የነበሩ ሰዎች ስፌት ቤት እየመጡ፣ ምን ነካው፣ ታሟል ወይ ብለው ኤልቤቴልን ይጠይቃሉ። ቤቱ ውስጥ የኢስቶኒያ በረዶ የለ፣ የቤልጅየም ጉልበት የለ። ኤልቤቴል ለዓመታት የለመነችውን ጸጥታ አገኘች፤ ጸጥታውም እንደ ድንጋይ ከበዳት።

ቀጣዩን የአይኖን ካርድ ሽፋ ለባርናባስ አልሰጠውም። ራሱ ስፌት ቤት ድረስ ይዞት መጣ። የዚያን ቀን አልቀለደም።

«እህቴ፣ ያኔ አፌ ነው ያጠፋው። ይሄን ግን አንቺ ስሚው» አላትና ቀስ እያለ ተረጎመላት። አይኖ እንዲህ ትላለች፦ «ስለ ዝናቡ የጻፍከው ደረሰኝ። ምን አጠፋሁ? በአገራችሁ ሰላምታ መሆኑን አንብቤ ደርሼበታለሁ፤ እንደማታውቀኝም አውቃለሁ። ቢሆንም ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ ናፈቅሽኝ ያለኝ ሰው ስላልነበረ ጠዋት ጠዋት አነበው ነበር።»

ኤልቤቴል ካርዱን ተቀብላ ማንበብ የማትችለውን ጽሑፍ ብዙ አየችው። አንጀቷን በላት። ለሁለቱም አዘነች፤ ለአሮጊቷም፣ በገዛ ቤቱ አንገቱን ለደፋው ሰውዬም። መኪናዋን ሸፍና፣ ቀሚሷን ልትወስድ የመጣችውን ሴት ነገ ነይ ብላ አሰናብታ ወደ ቤቷ ሄደች። ባርናባስ በረንዳው ላይ የተማሪ ፈተና ያርማል። ካርዱን ፈተናው ላይ አስቀመጠችለት። አነበበው።

«ጻፍላት» አለችው።

«ኤልቤ፣ ሰው ምን ይላል?»

«ሰው የሚለውን ብሎ ጨርሷል። እንደ ድሮው አድርገህ ጻፍላት።»

ካርድ አወጣ። የጪጩ ገበያ ያለበትን መረጠ። ከጤና ጀምሮ እስከ ከብት እየጠየቀ ሲወርድ ኤልቤቴል ጎኑ ቆማ እጁን ታያለች። እዚያች ዓረፍተ ነገር ላይ እንደደረሰ ፊደሉን ባታውቀውም አወቀች፤ እስክሪብቶው ዘገም ብሏል። ያን ጊዜ አላስቻላትም።

«ከጎቲቲ ስትጽፍልኝስ?» አለችው። «እኔም ሰላምታ ነበርኩ?»

ባርናባስ እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«ለአይኖ ደህና ነኝ ስላት እውነቴን ነው፤ ናፍቆቱ ወግ ነው» አላት። «ላንቺ ስጽፍ ናፍቆቱ እውነት ነበር። የዋሸሁሽ ደህና ነኝ ስልሽ ነው። ጎቲቲ አንድም ቀን ደህና ሆኜ አላውቅም።»

ኤልቤቴል ደስ አላት። ይህን ያህል ዘመን አብራው ኖራ ጠይቃው አታውቅም፤ እሱም ሳይጠየቅ የሚናገረው የሰው አገር ወሬ ብቻ ነበር። ይህችን ጥያቄ ከሆዷ ያስወጣቻት፣ በረዶ ውስጥ የተቀመጠች፣ ስሟን እንኳ በቅጡ የማትጠራት አሮጊት ናት። ይህች ሴት ካልተመሰገነች ማን ይመሰገናል?

እስክሪብቶውን ከጠረጴዛው አነሳችና ካርዱን ወደ ራሷ ሳበችው። ባል ሆዬ እንደ ልማዱ ቦታውን ሁሉ በሰላምታ ጨርሶታል። ከዳር የቀረችውን ነጭ ጠርዝ አግኝታ፣ ካርዱን አጋድማ፣ በአማርኛ «እግዜር ይስጥልኝ። ኤልቤቴል» ብላ ጻፈች።

ባርናባስ አጎንብሶ አየና፣ አይኖ አማርኛ ስለማታነብ ከሥሩ በእንግሊዝኛ ልተርጉምላት አለ።

«ተወው» አለችው። «አንተ ስትተረጉም ነው ነገር የሚመጣው። ሴት ለሴት ይገባታል።»