ትንሽ ነው የቀረው

በየቤተሰቡ «ትንሽ ነው የቀረው» የሚል ሰው አይጠፋም። አንዱ ቤት ይሠራል፣ አንዱ ትምህርት ይጨርሳል፤ ያቺ ትንሽ ግን አታልቅም። የኛው ከሁሉም ይብሳል፤ መድኃኒት ነው የሚሠራው።

ክቡር ሊቀ ጠርሙስ የእህቴ ባል ናቸው። ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ ያስተምራሉ፤ የተረፈውን ዕድሜ እጅ ለሚያንቀጠቅጥ በሽታ መድኃኒት ፍለጋ ላይ ጨርሰውታል። ልብሳቸው ላቦራቶሪ ላቦራቶሪ ስለሚሸት አውቶቡስ ውስጥ አጠገባቸው የሚቀመጥ የለም። እሳቸው ሰው ያከበራቸው ይመስላቸዋል።

ክፉ አመላቸው መቧጨር ነው። የቀመሙት ነገር አልረጋ ብሎ ሙጫ ሲሆንባቸው የጠርሙሱን ሆድ በመስታወት ዘንግ ይቧጭሩታል፤ አንዳንዴ ይሰማና ጨው የመሰለ ፍሬ ይሠራል አሉ። ልማዱ ቤት ድረስ ተከትሏቸው መጣ። ሻይ ሲቀርብላቸው ብርጭቆውን በማንኪያ ቂርር፣ ቂርር ያደርጉታል።

«ኧረ ተወው፣ ሻይ አይረጋም» ትላለች እህቴ።

የረጋ ማር ካዩማ ቀኑ ተበላሸ። «ይኼ እንኳ ረጋ» ብለው ይተክዛሉ።

እኔ እስቃለሁ። እናቴ ግን አትስቅም፤ የሚንቀጠቀጠው የሷ እጅ ነዋ። ሻይ የሚቀዱላት እሳቸው ናቸው፣ ሁልጊዜ ግማሽ ብርጭቆ። ሲፈስባት እንደምታፍር ከልጆቿ ቀድመው ያዩት እሳቸው ናቸው።

«ደረሰ ልጄ?»

«ትንሽ ነው የቀረው፣ እማማ።»

«ይሁን፣ የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ።»

ባለፈው እሑድ ምሳ ላይ በሩን በርግደው ገቡ። በያዙት ትንሽ ጠርሙስ ውስጥ ነጭ ፍሬ ይታያል። ያ ሙጫ ረግቶ ነበር።

እናቴ እጇን ዘረጋች። «ልዋጠው?»

«አይሆንም እማማ። መጀመሪያ በአይጥ ይሞከራል፣ ከዚያ በሰው። ብዙ ዓመት ይፈልጋል።» ያቺን «ትንሽ ነው የቀረው» የምትል ቃላቸውን ጠበቅን፤ አላሏትም።

«ለኔ አይደርስም በለኛ።»

«ላይደርስ ይችላል» አሉና አቀረቀሩ። አንጀቴን በሉት።

እናቴ ጠርሙሱን ተቀበለቻቸው። እጇ ሲንቀጠቀጥ ፍሬው ከመስታወቱ ጋር እየተጋጨ ተንሿሿ፤ እሳቸው እንዳይወድቅ ከሥር መዳፋቸውን ዘረጉ። ጆሮዋን አስጠግታ ቆየች።

«የሌላ እናትን እጅ ዝም ያሰኛል» አለች። «በርታ።»

ትናንት ጎረቤታችን መንገድ ላይ አስቆመኝ። የማላገጥ ተራው ከኔ ወደሱ ዞሯል።

«የአማችህ መድኃኒት ደረሰ ወይስ እንደተለመደው ነው?»

«ትንሽ ነው የቀረው» አልኩት፣ ኮስተር ብዬ።