ባትሪ የማይፈልገው ጣት

የአንድ ሰው ዓይን ሲጠፋ አገር ምድሩ ጆሮውም አብሮ የጠፋ ይመስለዋል። እኔ ማየት ካቆምኩ ወዲህ ላሊበላ ውስጥ ሳይጮህ «ደህና አደሩ» ያለኝ ሰው የለም። አንዳንዱማ ጭራሽ ሚስቴን ይጠይቃታል፦ «እሳቸው ሻይ ይጠጣሉ?» እጠጣለሁ፣ ወንድሜ! አፌ መች ታወረ?

ዕድሜዬን ሙሉ ለቱሪስት የሚሸጥ የድንጋይ መስቀል ስቀርጽ ኖሬአለሁ። ታዲያ ብሬል ልማር ብዬ ስነሣ ጉድ ፈላ። ብሬል ወረቀት ላይ ጉብ ጉብ ባሉ ነጠብጣቦች የሚጻፍ፣ በጣት የሚነበብ ፊደል ነው፤ የእኔ ጣት ደግሞ በመሮ ብዛት ተረከዝ ሆኗል። አስተማሪው «ሀ ተሰማዎት?» ሲለኝ የሚሰማኝ ወረቀት ብቻ። በመጨረሻ ተውኩት። ዳዊቴን ሚስቴ ወርቄ ታነብልኛለች፤ ግን መሀል ላይ «ቆይ፣ ወጡ አረረ!» ብላ ትሮጣለች። እንዲህ ሆኖ ጸሎት ይደረሳል?

ባለፈው ክረምት ከአዲስ አበባ ባለሙያዎች መጥተው ቀበሌው አዳራሽ ጠሩን። አንዲት መሐንዲስ ልጅ ጣቴ ላይ ስስ ነገር አጠለቀችልኝና «አባባ፣ ይሄ ባትሪ አይፈልግም። ከንክኪው ራሱ ኃይል ያመነጭና ፊደሉን ለይቶ በድምፅ ይነግርዎታል» አለችኝ። መብራት ሄዶ መመለሱን በሚረሳበት አገር ይህን የመሰለ ነገር እስካሁን የት ከርሞ ነው?

ጣቴን ወረቀቱ ላይ ጎተት አደረግሁ። «ወ» አለኝ። «ር»። «ቄ»። የሚስቴን ስም ጽፈውልኝ ኖሯል! ወርቄ አጠገቤ ቆማለች። እጇን ስፈልግ እንባዋን እየጠረገችበት ነበር።

«ሌላ ስጡኝ፤ ዳዊት የላችሁም?» አልኩ።

ልጅቱ ግን መሣሪያውን ቀስ ብላ ከጣቴ ታወልቅ ጀመር። «ናሙና ነው፣ አባባ። ያለን ይሄው አንድ ነው፤ ነገ ሌላ ከተማ እናሳየዋለን።»

«ለእኛስ መቼ ይመጣል?»

«ጥናቱ ሲያልቅ።»

«እሱስ መቼ ያልቃል?»

መሣሪያውን ከትታ ሣጥኑን ቀጭ አድርጋ ዘጋች። ምን ታድርግ፣ እሷም ተላላኪ ናት። ካልሰጡኝ ለምን አቀመሱኝ? ከመምጣታቸው በፊት ማንበብ ያቃተው ሽማግሌ ነበርኩ፤ አሁን ንባቡን የተቀማ ሽማግሌ ሆንኩ።

ባዶ እጄን ግን አልሸኙኝም። አጨበጨቡ፣ ፎቶ አነሡኝ፣ መስታወት የተገጠመለት የምስክር ወረቀት አስታቀፉኝ። ዳበስኩት፤ ልሙጥ ነው። ቤት ስንገባ ወርቄን «ምን ይላል?» አልኳት።

ጉሮሮዋን ጠርጋ አነበበችልኝ፦ «ከእንግዲህ ያለ ማንም እርዳታ ማንበብ ችለዋል።»